ፕሮግራመር በሥራው ረክቶ የሚኖረው በምን ምክንያት ነው?

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚለው ተረት፣ ሥራ የሚያምረው በሚያውቀውና በሚወደው ሰው እጅ ሲገባ ነው የሚል ምክር ይዟል። ነጋዴ ይህን ምክር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ሚዛኑን ለማያምነው መዛኝ፣ የመጋዘኑንም ቍልፍ ለዘንጊ ጠባቂ አይሰጥምና። በዘመናችን ደግሞ ከሚዛንና ከቍልፍ የማያንስ አደራ የሚቀበል ሌላ ሠራተኛ ወደ ንግድ ቤት ገብቷል። እርሱም የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፈው፣ በተለምዶ ፕሮግራመር የሚባለው ባለሙያ ነው። የዕቃው ብዛት፣ የዱቤው ልክ፣ የዕለቱ ሽያጭና የግብሩ ሒሳብ በዚህ ሰው አሳብ ውስጥ ካላለፉ በቀር በኮምፒዩተር ሊመዘገቡ አይችሉም።

በወላይታ ሶዶ ከተማ ይህ ጕዳይ የሩቅ ወሬ አይደለም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በኮምፒዩተር ትምህርት የሠለጠኑ ወጣቶች ከከተማው ይመረቃሉ። ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌብር አገልግሎት በመከፈቱ፣ ትንሹ ባለሱቅ እንኳ ገንዘብ በስልክ መቀበልን ለምዷል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ስለ ሆነች፣ በኮምፒዩተር የሚሠራ መሥሪያ ቤትም በከተማው በርክቷል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ሙያ ለማሠልጠን የታሰበው አገር አቀፍ ዕቅድ ተጀመረ። እንግዲህ የሙያው ተማሪ አልጠፋም፤ ችግሩ ሙያተኛውን በሥራው ላይ ማቈየት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር ይህ ነው። ወጣቱ ፕሮግራመር በመጀመሪያው ዓመት በደስታ ይሠራል፤ በሁለተኛው ዓመት ይሰለቻል፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይም በኢንተርኔት አማካይነት ለውጭ አገር አሠሪ ይገባል፣ ወይም ሙያውን ጨርሶ ይተዋል። ነጋዴውም ማንም ሊጠግነው የማይችል ፕሮግራም ይዞ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የወጣቱ ዕድሜና የነጋዴው ገንዘብ አብረው ይባክናሉ። ስለዚህ የፕሮግራመር የሥራ እርካታ ከምን እንደሚመጣና ምን እንደሚያጸናው መመርመር ለሁለቱም ወገን ጥቅም አለው።

፩. የሥራው ባሕርይ

ፕሮግራመር ማለት ኮምፒዩተር ደረጃ በደረጃ የሚፈጽመውን ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ነው። ኮምፒዩተር የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይፈጽምም። አንድ ብልህ የመዝገብ ጸሐፊ አሠሪው «የዚህን ደንበኛ ሒሳብ ዝጋው» ቢለው የቀረውን ራሱ አስቦ ይሠራል፤ ለኮምፒዩተር ግን ደንበኛው ግማሹን ብቻ ቢከፍል፣ የተሸጠው ዕቃ ቢመለስ፣ መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ምን መደረግ እንዳለበት አንድ በአንድ ሊጻፍለት ይገባል። የተረሳ ነገር ካለ መሣሪያው አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይሳሳታል።

ይህ ሥራ የራሱ የሆነ ደስታ አለው። ከእንጨት ወይም ከብረት ሳይሆን ከአሳብ ብቻ የተሠራ ነገር ተነሥቶ ሲሠራ ማየት፣ ትናንት ሦስት ሰዎች እስከ ማታ ይደምሩት የነበረውን ሒሳብ በቅጽበት ሲደምር ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ይህ የመጀመሪያው ደስታ እንደ ዐውድ ዓመት ደስታ ነው፤ ይመጣል፣ ያልፋል። በሙያው ዘንድ እንደሚታወቀው ለአንድ ፕሮግራም ከሚወጣው ድካም የሚበዛው፣ ፕሮግራሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለማረምና ለማሻሻል የሚወጣው ነው። ስለዚህ በመፍጠር ደስታ ብቻ የሚኖር ፕሮግራመር፣ የማረም ዘመን ሲመጣ ይደክመዋል። ለዘለቄታ የሚሆን እርካታ ከዚህ ሌላ ሥር ሊኖረው ይገባል።

፪. ደመወዝ ምን ያህል ይረዳል?

ብዙ አሠሪዎች «ደመወዙን ብጨምርለት ይቈያል» ብለው ያስባሉ። ይህ አሳብ ግማሹ እውነት ነው። ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ፣ በፒትስበርግ ከተማ አካባቢ ይሠሩ የነበሩ 200 ያህል ኢንጂነሮችንና የሒሳብ ሠራተኞችን በሥራቸው መቼ እንደ ተደሰቱና መቼ እንዳዘኑ ጠይቆ፣ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 በመጽሐፍ አወጣ። ከዚህ ጥናት የወጣው ትምህርት፣ ሰውን የሚያሳዝኑት ነገሮችና ሰውን የሚያስደስቱት ነገሮች አንድ ዐይነት አይደሉም የሚል ነው። የደመወዝ ማነስ፣ የአለቃ ክፋት፣ የመሥሪያ ቤት ደንብ መበላሸት ሰውን ያስመርራሉ፤ ሲስተካከሉ ምሬቱ ይጠፋል እንጂ ደስታ በቦታው አይተካም። ደስታ የሚመጣው አንድን ሥራ ከፍጻሜ ከማድረስ፣ ስለ ሥራው ከመመስገን፣ ኃላፊነት ከመቀበልና ከሥራው ከራሱ ነው።

በዚህ ጥናት ላይ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ክርክር አንሥተውበታል፤ ለነጋዴ የሚሰጠው ምክር ግን ግልጽ ነው። ደመወዝ እንደ ቤት መሠረት ነው፤ መሠረት የሌለው ቤት ይወድቃል፣ መሠረቱ ብቻ የቆመ ቤት ግን ማንንም አያስጠልልም። ደመወዙ ለኑሮ የሚበቃ፣ በቀኑም የሚከፈል ይሁን። የሶዶ ነጋዴ ከአዲስ አበባው ትልቅ ኩባንያ ወይም በዶላር ከሚከፍለው የባሕር ማዶ አሠሪ ጋራ በገንዘብ ብቻ ልወዳደር ቢል ግን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። እርሱ ሊያሸንፍ የሚችልበት ሌላ መስክ አለ፤ ይህም ለሥራው ቅርብ መሆን ነው።

፫. ሚዛኑን ያላየው ፕሮግራመር

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በሶዶ ከተማ ቡና፣ ዝንጅብልና እህል የሚገዛ፣ በአረካና በቦዲቲም ወኪሎች ያሉት አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ይህ ነጋዴ አንድ ተመራቂ ወጣት ቀጥሮ ከጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ሰጠውና፣ «በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ የሚቈጥር ፕሮግራም ሥራልኝ» አለው። ወጣቱም ሦስት ወር ደክሞ ለዐይን የሚያምር ፕሮግራም ሠራ። በዕድሜ የገፉት የመጋዘን ኃላፊ አይተው አመሰገኑ፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው በደብተራቸው መጻፋቸውን አልተዉም። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የፕሮግራሙ ቍጥርና የደብተሩ ቍጥር አልገጠመም። ነጋዴው ደብተሩን አመነ። ወጣቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዲስ አበባ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ የንግድ ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ለነጋዴው፣ «ጋሼ፣ ልጁ እኮ ሚዛኑን አይቶት አያውቅም» አለችው። ነጋዴው ነገሩ ስለ ገባው ወጣቱን ለሁለት ሳምንት ከጓሮው ክፍል አውጥቶ፣ በገበያ ቀን ከመዛኙ አጠገብ እንዲቆም አደረገው። ወጣቱ በዚያ ያየው ነገር አራት ነበረ።

አንደኛ፤ ቡና የሚገዛው በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ፕሮግራሙ ግን ኪሎውን ወደ ፈረሱላ ሲለውጥ ትርፉን እየቈረጠ ግማሽ በግማሽ ይጽፍ ነበር። 350 ኪሎ ቡና 20 ፈረሱላ ከ10 ኪሎ ነው፤ ፕሮግራሙ 20 ተኩል ፈረሱላ ብሎ ሲጽፈው ግን 348 ኪሎ ተኩል ይሆናል። በአንድ ሚዛን 1 ኪሎ ተኩል ጠፋ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሚዛን 100 ጊዜ ቢደጋገም አንድ ኩንታል ተኩል ቡና ከመዝገብ ላይ ይጠፋል። ማንም አልሰረቀም፤ ግን ሽማግሌው መጋዘን ጠባቂ ሊጠረጠሩ ይችሉ ነበር።

ሁለተኛ፤ የደንበኞች ስም ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በፊደል ይለያያሉ። «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበው ባለዱቤ ሌላ ቀን «አለሙ» ተብሎ ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ዕዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ያው ሰው በሦስተኛ አጻጻፍ የሚመዘገብበት ጊዜም አለ። የባዕድ አገር ፕሮግራም የቤተሰብ መጠሪያ ይጠይቃል፤ የአገራችን ሰው ግን በራሱና በአባቱ ስም የሚጠራ ነው።

ሦስተኛ፤ የዱቤው ቀን ነው። ገበሬውና ቸርቻሪው «በጳጕሜን እከፍላለሁ» ብሎ ይዋዋላል። ዓመትን በ12 ወር ብቻ የሚቈጥር ፕሮግራም ግን ዐሥራ ሦስተኛውን ወር ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል።

አራተኛ፤ መብራት ነው። ሚዛኑ ላይ ሰልፍ በተያዘበት ሰዓት መብራት ሲጠፋ፣ ተጽፎ ያላለቀው ሒሳብ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ደብተሩ ግን መብራት አይፈልግም።

ወጣቱ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ፕሮግራሙን እንደ ገና ሠራው። ፈረሱላውን ከነትርፍ ኪሎው አስመዘገበ፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች አንድ አድርጎ የሚፈልግ መንገድ አበጀ፤ ጳጕሜንን በወሮች ተራ አስገባ፤ እያንዳንዱ ሚዛን እንደ ተመዘነ ወዲያው እንዲቀመጥ አደረገ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሁለቱ ቍጥሮች ገጠሙ። ሽማግሌው የመጋዘን ኃላፊም ደብተራቸውን ዘግተው ከመሳቢያ ውስጥ ከተቱና፣ «ልጄ፣ አሁን ሚዛን ዐወቅህ» አሉት።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ በዚህ ሁሉ መካከል የወጣቱ ደመወዝ አልተጨመረም፤ ኮምፒዩተሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ነገር፣ ሥራው ለማን እንደሚጠቅም ማየቱና ውጤቱን በዐይኑ ማረጋገጡ ነው። ሪቻርድ ሀክማንና ግሬግ ኦልድሃም የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ባቀረቡት ትምህርት፣ ሥራ ለሠራተኛው ትርጕም የሚኖረው በአምስት ነገሮች ነው ብለዋል። እነርሱም ልዩ ልዩ ችሎታን መጠየቁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሙሉ ነገር መሆኑ፣ ሰውን መጥቀሙ፣ ለሠራተኛው ነፃነት መስጠቱና ውጤቱ ለሠሪው መታየቱ ናቸው። በታላቅ ከተማ ባለ ትልቅ ድርጅት የሚሠራ ፕሮግራመር ከብዙ ሺህ ክፍሎች አንዱን ብቻ ሲሠራ፣ የሚጠቀምበትን ሰው ፊት ሳያይ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። የሶዶ ፕሮግራመር ግን ከክፍሉ እስከ ሚዛኑ ያለው መንገድ ጥቂት እርምጃ ነው። ይህን ቅርበት የሚሰጥ ነጋዴ በገንዘብ የማይገዛ ነገር ሰጠ ማለት ነው።

፬. ደስታቸው የዘለቀላቸው ሰዎች

ከላይ የተነገረው የፊደል ጕዳይ ወደ አንድ ታላቅ ታሪክ ያደርሳል። የግእዝ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ መልክ ስላለው፣ ለጥቂት የላቲን ፊደሎች በተሠራ መሣሪያ መጻፍ ከጥንት ጀምሮ አስቸጋሪ ነበረ። በጽሕፈት መኪና ዘመን ለዚህ የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ በታሪክ ይታወሳሉ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት፣ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ እንደ አቶ ፍሥሓ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን የግእዝን ፊደል በኮምፒዩተር የሚያስጽፉ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። ዶክተር አበራ በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም መሆናቸው፣ ፍላጎት ሰውን ወደማያውቀው ሙያ እንኳ እንደምታገባው ያሳያል።

በዚያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን የሚቈጥርበት የራሱ መንገድ ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ብዙ ሰዎች ለዓመታት ከደከሙበት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትም ገባ። ዛሬ አንድ ባለሱቅ ለደንበኛው በስልክ በአማርኛ ሲጽፍ፣ ያንን የደከመ ሰው ስም አያስታውስም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ፕሮግራመር፣ ድካሙ በሚሊዮን እጆች በየቀኑ ሲሠራ ያያል። ይህን የሚያህል ደመወዝ በገንዘብ አይገኝም።

ከውጭም አገር ቢሆን ምሳሌ አይጠፋም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 የተወለደችው አሜሪካዊት ግሬስ ሆፐር፣ የሰውን አጻጻፍ ወደ ኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም በ1952 ካዘጋጁት ቀደምት ሰዎች አንዷ ናት። በ1959 ለንግድ ሥራ ታስቦ ለወጣው ኮቦል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሠረት የጣለውም የእርሷ አሳብ ነው፤ ይኸውም የንግድ ሰው ትእዛዙን በተለመደ ቃል ቢያነበው ይሻላል የሚል ነበረ። ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጣችው በ79 ዓመት ዕድሜዋ በ1986 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ በአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ አማካሪ ሆና ሠርታለች። ሙያው ከአርባ ዓመት በላይ ያላሰለቻት፣ መሣሪያውን ከመውደድ አልፋ ሰውን ከመሣሪያው ጋራ ማስታረቅን ሥራዬ ብላ ስለ ያዘች ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለባለሱቆች ደግሞ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በኮምፒዩተር ሙያ የታወቀችው ቤተልሔም ደሴ ሙያውን የጀመረችው በሐረር ከተማ፣ አባቷ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለልደቷ ገንዘብ ጠይቃ ባታገኝ፣ በሱቁ ባለው ኮምፒዩተር ለደንበኞች ቪዲዮ እያስተካከለችና ዘፈን በስልክ እየጫነች ገንዘቡን ራሷ አገኘች። በኋላም ሌሎች ልጆችን ፕሮግራም ወደ ማስተማር ተሻገረች። የሙያዋ ሥር በሱቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠብቅ የበቀለ ነው።

፭. ጥንቃቄ የእርካታ ክፍል ነው

የፕሮግራመር ደስታ ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ፍርሃት ነው። ባልተፈተነ ሥራ ላይ የሚያድር ሰው እንቅልፍ የለውም። በመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ለሁሉ ትምህርት ነው። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው፣ ጕድለቱ ከውጭ በመጣ ጥቃት ሳይሆን በራሱ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በተደረገ ሥራ የመጣ ነበረ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ አዛወሩም። ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተነገረ፤ አብዛኛው ቢመለስም፣ ለማስመለስ ብዙ ድካምና ብዙ አቤቱታ ጠይቋል።

የሶዶ ነጋዴ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ከዚህ ጋራ አይወዳደርም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። የፕሮግራም ለውጥ በገበያ ቀን ዋዜማ አይደረግም፤ የቀድሞው መዝገብ ቅጂ ሳይቀመጥ አዲሱ አይከፈትም፤ የአንዱን ሥራ ሌላ ሰው ሳያየው ወደ ሥራ አይገባም። አሠሪው «ቶሎ፣ ቶሎ» ብሎ ይህን ጥንቃቄ ካስቀረው፣ ፕሮግራመሩን በራሱ ሥራ እንዲያፍር ያደርገዋል። በሥራው የሚያፍር ሰው ደግሞ በዚያ ሥራ አይቈይም። በተቃራኒው ጊዜ ተሰጥቶት በደንብ የፈተነ ሰው ማታ በሰላም ይተኛል፤ ሰላምም ከእርካታ ታላላቅ ክፍሎች አንዱ ነው።

፮. ትምህርትና ባልንጀራ

ዳንኤል ኩገርና ሮበርት ዛዋኪ የተባሉ አሜሪካውያን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በሙያ የማደግ ፍላጎታቸው ከሌሎች ሙያተኞች ሁሉ ከፍ ብሎ መገኘቱን አመልክተዋል። ይህ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ እየሠራ የሚውል ፕሮግራመር ቢጠግብም ይራባል። በወላይታ ለጊፋታና ለመስቀል በሬ ለመግዛት ባልንጀሮች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት መቈጠባቸው የታወቀ ልማድ ነው። ትምህርትም እንዲሁ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሩቅ ከተማ ለሥልጠና መላክ ጥሩ ቢሆንም፣ በየሳምንቱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ለንባብና ለልምምድ መስጠት ይበልጣል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ራሱ ፕሮግራም መጻፍ ስለ ጀመረ፣ ብዙ ወጣቶች «ሙያችን ሊቀር ነው» ብለው ይጨነቃሉ። ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም። ደስታው ትእዛዝን በእጁ ከመጻፍ ብቻ የነበረ ሰው ደስታውን ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን በሶዶ ገበያ ቡና በፈረሱላ እንደሚመዘን፣ ዱቤ በጳጕሜን እንደሚከፈል፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» አንድ ሰው መሆኑን ሄዶ የሚያይ፣ የተጻፈውም ትክክል ስለ መሆኑ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ ንግዱን ያወቀ ፕሮግራመር መሣሪያው ቢለወጥም ሥራው አይጠፋበትም።

ባልንጀራም ያስፈልጋል። በትንሽ ንግድ ቤት ፕሮግራመር ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ ስሕተቱን የሚያሳየው፣ ብልሃቱንም የሚያደንቅለት የሙያ ጓደኛ የለውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ የተለያዩ ንግድ ቤቶች ፕሮግራመሮች በወር አንድ ቀን ተሰብስበው ችግራቸውን ቢነጋገሩ፣ የነጋዴዎቹ ምሥጢር ሳይወጣ ሙያው ሊበለጽግ ይችላል። ለዚህ የሚሆን አዳራሽ ማግኘት ለንግድ ማኅበር ከባድ ነገር አይሆንም።

፯. የሁለቱ ወገኖች ግዴታ

ከዚህ በላይ የተነገረውን በአጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፣ አሠሪው ነጋዴ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ሀ) ደመወዝን በቀኑ መክፈል፤ ጭማሪንም ሠራተኛው ለመሄድ ሲነሣ ሳይሆን ሥራው ሲያድግ መስጠት።

ለ) ፕሮግራሙ ከመጻፉ አስቀድሞ ፕሮግራመሩን ወደ ሚዛን፣ ወደ መጋዘንና ወደ ገንዘብ ያዥ ጠረጴዛ መላክ፤ ሥራውን ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጋራም ማስተዋወቅ።

ሐ) የሚፈለገውን ውጤት መንገር፣ መንገዱን ግን ለባለሙያው መተው፤ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ነው ተብሎም ማተሚያ እንዲያስተካክልና ስልክ እንዲሞላ በየሰዓቱ አለመጥራት።

መ) ሥራው ሲያምር በሰው ፊት ማመስገን።

ሠ) ውልን በጽሑፍ ማድረግ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ስለ ሆነ፣ ባለመብቱ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ መስማማት ከኋላ ጠብ ያድናል።

ፕሮግራመሩም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ሽማግሌውን መጋዘን ጠባቂ እንደ ኋላ ቀር ሳይሆን እንደ መምህር ይቍጠር፤ ደብተሩ ብዙ ዓመት ያልተሳሳተው በምክንያት ነውና። የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ማስታወሻ ያስቀምጥ። ያልቻለውን «አልቻልሁም» ለማለት አይፈር። ለአንድ ዓመት የሚበቃውን ሥራ በአንድ ወር እጨርሳለሁ ብሎም ቃል አይግባ።

በምሳሌው የተነገረው ወጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ይችላል። ሰውን በገመድ አስሮ ማቈየት አይቻልም፤ ደግሞም አይገባም። ነገር ግን በሥራው ረክቶ የኖረ ሰው ሲሄድ ሥራውን ከነማስታወሻው ለተተኪው አስረክቦ፣ ቢጠሩትም የሚሰማ ሆኖ ይሄዳል። ተማሮ የሄደ ግን የመዝገቡን ቍልፍ በራሱ አእምሮ ይዞ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነጋዴው የሚያውቀው፣ ፕሮግራሙ በገበያ ቀን ቆሞ የሚጠግነው ሰው ባጣ ጊዜ ነው። ያ ቀን ሳይመጣ ፕሮግራመሩን ከጓሮው ክፍል አውጥቶ ሚዛኑን ማሳየት፣ ወጪው ከሁሉ የሚያንስ ጥቅሙም ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው።

በንግድ ቤት ለመወያየት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በንግድ ቤትዎ ያለው ፕሮግራም ሲሠራ፣ የሠራው ሰው በገበያ ቀን መጋዘኑን አይቶ ነበርን?

2. ሠራተኞችዎ ከኮምፒዩተሩ ጐን ደብተር የሚይዙ ከሆነ፣ ደብተሩ የሚመዘግበውና ፕሮግራሙ የማይመዘግበው ነገር ምንድር ነው?

3. ፕሮግራመሩ ዛሬ ቢታመም ወይም ቢሄድ፣ ሥራውን ማን፣ በየትኛው ማስታወሻ ተመርቶ ሊቀጥል ይችላል?

4. ባለፈው ዓመት ፕሮግራመሩ በሰው ፊት የተመሰገነበት ቀን ነበረን?

5. በሳምንት ስንት ሰዓት ለትምህርት ተሰጥቶታል?